የእጅ ጽሑፍ ሲያንስ፤ የፓርኪንሰን ሕመም ቀዳሚ ምልክቶች የታወቁበት ታሪክ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1817 በለንደን ከተማ 66 ገጽ ብቻ ያላት አንዲት ትንሽ መጽሐፍ ታተመች። ደራሲዋ ሆክስተን በሚባለው ሠፈር በሕክምናና በመድኃኒት ቅመማ ሥራ ይተዳደሩ የነበሩት ጄምስ ፓርኪንሰን ሲሆኑ፣ የመጽሐፏም ርእሰ ጉዳይ በዘመኑ አነጋገር «የሚያንቀጠቅጥ ሽባነት» የተባለው ሕመም ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ የተሰጡት በዚሁ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) መጽሐፏ የተመሠረተችው በስድስት ሕመምተኞች ላይ ብቻ ነው። ከስድስቱም መካከል ሁለቱን ደራሲው ያገኟቸው በመንገድ ላይ ነው፤ አንደኛውን ደግሞ ከሩቅ ከማየት በቀር ቀርበው አላነጋገሩትም። አንድም አስከሬን ከፍተው አልመረመሩም፤ ከዐይናቸውና ከጆሯቸው በስተቀርም መሣሪያ አልነበራቸውም። ይሁን እንጂ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ እንኳ ሕመሙ የሚጠራው በእርሳቸው ስም ነው።

ፓርኪንሰን በአንድ ሙያ ብቻ የተወሰኑ ሰው አልነበሩም። የተወለዱት በ1755 ነው። በጎልማሳነታቸው ስለ ሕዝብ የመምረጥ መብት የሚከራከሩ ጽሑፎችን በብዕር ስም ያሳትሙ ስለነበር፣ በ1794 ንጉሥ ጆርጅ ሣልሳዊን ለመግደል ተጠነሰሰ በተባለው ሤራ ጉዳይ በመንግሥቱ ሸንጎ ፊት ቀርበው ተጠይቀዋል። ቀጥሎም ልባቸው ወደ ከርሰ ምድር ጥናት አዘነበለ። በ1807 የለንደን የጂኦሎጂ ማኅበር ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ፤ ወደ ድንጋይነት ስለተለወጡ ጥንታውያን ፍጥረታትም ሦስት ቅጽ ያለው መጽሐፍ ጽፈዋል። በድንጋይ ላይ የቀረን ደብዛዛ ምልክት አይቶ የፍጡሩን ሙሉ አካል መገመት የለመደ ዐይን፣ በመንገድ የሚያልፍን ሰው አረማመድ አይቶ ሕመሙን ቢለይ ብዙ ሊያስደንቅ አይገባም።

በድርሰቱ ውስጥ አንባቢን ከሁሉ ይልቅ የሚይዘው ሕመምተኞቹ ስለ ራሳቸው የሰጡት ማብራሪያ ነው። የመጀመሪያው ዕድሜው ከሃምሳ ጥቂት ያለፈ፣ መጠጥ የማያበዛና ትጉህ የሆነ አትክልተኛ ነበር። ግራ እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ምክንያቱ በዚያው እጁ ለቀናት ከባድ ሥራ መሥራቱ እንደሆነ አሰበ። ሁለተኛው በዳኛ ጽሕፈት ቤት ያገለገለ የ62 ዓመት ሰው ሲሆን፣ ጥፋቱን በመጠጥ ላይ ጣለው። ሦስተኛው የ65 ዓመት መርከበኛ ነበር፤ እርሱም በስፔን አገር ታስሮ ሳለ ለወራት በእርጥብ መሬት ላይ መተኛቱ እንዳመጣበት ያምን ነበር። ሦስቱም ሰዎች ምልክቱን አይተውታል፤ ሦስቱም የየራሳቸውን ስም ሰጥተውታል። ፓርኪንሰን ያደረጉት ነገር ቢኖር ድካሙን፣ መጠጡንና እርጥቡን መሬት ወደ ጎን ትተው ሦስቱን ሰዎች አጠገብ ለአጠገብ ማቆም ነው። እንዲህ ሲቆሙ የሦስቱም ሕመም አንድ ሆኖ ታየ።

ስለ ሕመሙ አጀማመር የሰጡት ትምህርት ዛሬም አልተሻረም። አመጣጡ እጅግ ዝግተኛና ለስላሳ ስለሆነ ሕመምተኛው የጀመረበትን ቀን ለይቶ ለመናገር የሚችለው ከስንት አንዴ ነው። በመጀመሪያ መጠነኛ የድካም ስሜት ይሰማል፤ ከዚያም ብዙውን ጊዜ በአንድ ወገን እጅ ላይ መንቀጥቀጥ ይታያል። ጊዜ ሲያልፍ ሰውየው ሲሄድ ወደ ፊት ይጎብጣል፤ እጁም ፈቃዱን በትክክል መፈጸም ይሳነዋል፤ መጻፍ ከሚያስቸግሩት ነገሮች አንዱ ይሆናል። ከሩቅ ብቻ የታየው አምስተኛው ሕመምተኛ አሽከሩ ከፊቱ ቆሞ ሁለት ትከሻውን ይዞ ሚዛኑን ሲያስጠብቅለት ቆይቶ፣ ምልክት ሲሰጥ ሰውየው እየሮጠ ይነሣ ነበር፤ አሽከሩም ሃያ እርምጃ ያህል ሲሄድ እንዳይወድቅ ቀድሞ እየሮጠ ይቀበለው ነበር። የሚዛን ነጥቡ ከእግሩ ፊት ያለፈበት አካል ከመውደቅ የሚድነው በመሮጥ ብቻ መሆኑን የሚያውቅ መሐንዲስ ይህን ሥዕል ለመረዳት አይቸገርም።

መጽሐፏ በታተመችበት ዘመን በጀርመን አገር አንድ ታላቅ ሰው ይህንኑ ሕመም በራሳቸው ላይ እያዩ ይጽፉ ነበር። የበርሊንን ዩኒቨርሲቲ በ1810 ያቋቋሙት የቋንቋ ሊቅና የመንግሥት ሰው ቪልሄልም ፎን ሑምቦልት በሕይወታቸው የመጨረሻ ዓመታት በጻፏቸው ደብዳቤዎች ውስጥ የእጃቸውን መንቀጥቀጥ፣ የረቀቁ ሥራዎችን ለመሥራት መቸገራቸውንና፣ ይልቁንም ፊደላቸው እየቀነሰ መሄዱን በጥንቃቄ ዘግበዋል። ታዲያ ይህን ሁሉ ካስተዋሉ በኋላ የሰጡት ፍርድ ሕመም አይደለም የሚል ነበር። ባለቤታቸው በ1829 ስለ ሞቱባቸው እርጅና ፈጥኖ የደረሰባቸው መሰላቸው። በ1835 ዐረፉ። የነርቭ ሐኪሞች ደብዳቤዎቹን መርምረው የፓርኪንሰን ሕመም መሆኑን በጽሑፍ ያስታወቁት በ1995 ነው። የአመለካከት ስለት ለብቻው እንደማይበቃ ይህ ሰው ከማንም የበለጠ ምስክር ናቸው፤ ለነገሩ አስቀድሞ የተዘጋጀ ስም ካለ ዐይን ያየውን አእምሮ በዚያው ስም ይዘጋዋል። ሐዘንና እርጅና ደግሞ በየትኛውም ቋንቋ ተዘጋጅተው የሚጠብቁ ስሞች ናቸው።

ቀጣዩ እርምጃ የተወሰደው በፓሪስ ነው። ዣን ማርቲን ሻርኮ ከ1862 ጀምሮ በሐኪምነት ያገለገሉበት ሳልፔትሪዬር በሺህ የሚቆጠሩ አረጋውያንና ድኾች ሴቶች የሚጦሩበት ሰፊ ተቋም ነበር። የሚንቀጠቀጡት ብዙ ነበሩ፤ ሻርኮም መንቀጥቀጥ ሁሉ አንድ እንዳልሆነ አሳዩ። አንዲት ሴት ውኃ የያዘ ብርጭቆ ወደ አፏ ስታነሣ ብቻ እጇ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ሕመሙ ሌላ ነው፤ እጇ በጭኗ ላይ ዐርፎ ሳለ ተንቀጥቅጦ ሥራ ሲጀምር ዝም የሚል ከሆነ ግን የፓርኪንሰን ሕመም ነው። ይህንንም በቃል ብቻ አላስቀሩትም። የደም ሥርን ምት በወረቀት ላይ የሚስለውን መሣሪያ አስተካክለው የእጅ አንጓን መንቀጥቀጥ እንዲመዘግብ አደረጉት። ከዚህም ሌላ የጡንቻን መገተርና የእንቅስቃሴን መዘግየት ከድካም ለይተው አስተማሩ። ጡንቻው ጉልበት አለው፤ የሚያጣው ፍጥነትንና ቅልጥፍናን ነው። ጭራሽ ሳይንቀጠቀጡ የሚታመሙ ሰዎች መኖራቸውንም ስላዩ «የሚያንቀጠቅጥ ሽባነት» የሚለው ስም በሁለቱም ቃላቱ ስሕተት እንደሆነ ተናግረው ሕመሙ በፓርኪንሰን ስም እንዲጠራ ሐሳብ አቀረቡ።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ማድረግ ይፈቀድ። ሻርኮ በባቡርና በሠረገላ ረጅም መንገድ ተጉዘው የመጡ ሕመምተኞች መንገጫገጩ ተሻለን ሲሏቸው ሰምተው በሞተር የሚንቀጠቀጥ ወንበር አሠርተው ነበር፤ ስለዚሁም በ1892 አስተምረዋል። በ2012 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ወንበሩን እንደገና ሲፈትነው በሚንቀጠቀጠው ላይ የተቀመጡትም በማይንቀጠቀጠው ላይ የተቀመጡትም በተመሳሳይ መጠን መሻል ተሰማቸው። ማነጻጸሪያ የሌለው ፈተና ምን ያህል እንደሚያታልል መሣሪያ ሠሪዎች ሁሉ ሊያስቡበት የሚገባ ነው።

ለኢንጂነሪንግ ሙያ ከሁሉ የሚቀርበው ምዕራፍ ግን የተጻፈው በስኮትላንድ ነው። በግላስጎው ከተማ ለጨርቅ ማንጪያ የሚሆነውን ዱቄት በሚያመርት ፋብሪካ ጥቁሩን የማንጋኒዝ ማዕድን የሚፈጩ ሠራተኞች ነበሩ። ጆን ኩፐር የተባሉ ሐኪም በ1837 ከእነዚህ ሠራተኞች የአምስቱን ሁኔታ ገለጡ። እግራቸው ደከመ፤ ሲራመዱ ወደ ፊት ይንደረደሩ ነበር፤ ድምፃቸው ሰለለ፤ ምራቃቸው ይዝረበረብ ነበር፤ ፊታቸውም ስሜትን መግለጽ ተወ። እጃቸው ግን አይንቀጠቀጥም ነበር። ይህ የኩፐር ጽሑፍ ሳይነበብ ስድሳ ዓመት ያህል ተረስቶ ከቆየ በኋላ በ1901 ጀርመንኛ ተናጋሪ ሐኪሞች ያንኑ ሕመም እንደ አዲስ አገኙት። ማንጋኒዝ ደግሞ የጥንት ነገር አይደለም። ብረት ሲቀልጥ ይጨመርበታል፤ በባትሪ ድንጋይ ውስጥ ይገኛል፤ በብየዳ ጊዜ በሚነሣው ጢስም ውስጥ አለ። በማንጋኒዝ ብናኝ የሚመጣው ጉዳት ከፓርኪንሰን ሕመም ጋር መንታ ቢመስልም አንድ አይደለም፤ በእግር ጣት ላይ የመራመድ ልዩ አካሄድ ይታይበታል፤ ለመድኃኒቱም እንደ ፓርኪንሰን ሕመም አይታዘዝም። መከላከያው ጢስና ብናኝ የሚስብ የአየር ማስወገጃ መትከልና ምልክት የታየበትን ሠራተኛ ከሥፍራው ሳይዘገዩ ማራቅ ነው። ይህ ከሐኪሙ ይልቅ በመሐንዲሱና በክፍሉ ኃላፊ እጅ ያለ ነገር ነው። በያጁ ዘገምተኛ ሲሆን በሰነፍነት ተወቅሶ በዚያው በጢሱ ውስጥ እንዲቆይ የሚደረግ ከሆነ ግን ወቀሳው ራሱ ሕመሙን ያባብሳል።

ከዚሁ ከማንጋኒዝ ጥናት ያልተጠበቀ ፍሬ ተገኘ። በቀርጤስ ደሴት ተወልደው በአሜሪካ በብሩክሄቨን የምርምር ተቋም ይሠሩ የነበሩት ጆርጅ ኮትዚያስ የቺሌን የማንጋኒዝ ማዕድን ቆፋሪዎች መርምረዋል። ከእነርሱ በፊት አርቪድ ካርልሰን የተባሉ ስዊድናዊ በ1957 ዶፓሚን በአንጎል ውስጥ ያለውን ሚና አሳይተው ነበር፤ በ1960 ደግሞ ኤሪንገርና ሆርኒኪዬቪች በቪየና የሞቱ ሕመምተኞችን አንጎል መርምረው ዶፓሚን እንደጎደለ አረጋገጡ። ቀደም ሲልም በ1919 ትሬቲያኮፍ የተባለ ተማሪ በፓሪስ ለዲግሪ ባቀረበው ጽሑፍ በመካከለኛው አንጎል ውስጥ በጥቁር ቀለሙ ስም የተሰጠው ክፍል በዚህ ሕመም እንደሚጠፋ ገልጦ ነበር። ኮትዚያስ በ1967 ወደ ዶፓሚን የሚለወጠውን ዶፓ በጥቂቱ ጀምረው ቀስ በቀስ በብዛት በመስጠት ደርቀው የቀሩ ሕመምተኞች እንዲንቀሳቀሱ አደረጉ። በኋላም ሌቮዶፓ በሚለው ስም የታወቀው ይህ መድኃኒት እስከ ዛሬ ዋነኛው ነው። የሕመሙን ጉዞ ግን አያቆምም።

ለምን አያቆምም የሚለው ጥያቄ ወደ ቀዳሚ ምልክቶቹ ይመልሳል። እጅ ሲንቀጠቀጥና እርምጃ ሲያጥር ከጥቁሩ ክፍል የነርቭ ሕዋሳት ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ የጠፉ ናቸው። መሐንዲስ ምሰሶን ሲያቆም ከሚጠበቀው ጭነት በላይ እንዲችል አድርጎ ነው፤ አንጎልም እንዲሁ ትርፍ አቅም አለው። ያ ትርፍ አቅም እስኪያልቅ ድረስ ጉዳቱ አይታይም። ስለዚህ ሐኪሞች ለመቶ ሃምሳ ዓመት መጀመሪያ የመሰላቸው ነገር በእውነቱ የሕመሙ እኩሌታ ነበር።

እውነተኛው መጀመሪያ የተገኘው ማንም ባልጠበቀበት ቦታ ነው። ፓርኪንሰን ራሳቸው በ1817 የሆድ ድርቀትን ጠቅሰው ነበር። በሃዋይ ደሴቶች ከስድስት ሺህ በላይ ወንዶችን ለረጅም ዓመታት የተከታተለ ጥናት በ2001 እንዳስታወቀው፣ በቀን አንድ ጊዜ እንኳ የማይጸዳዱት በቀን አንድ ጊዜ ከሚጸዳዱት ይልቅ በኋላ በዚህ ሕመም የመያዝ ዕድላቸው 2.7 እጥፍ ነበር። በሚኒሶታ ደግሞ ሼንክና ማሆዋልድ የተባሉ ሐኪሞች በ1986 እንግዳ የሆነ የእንቅልፍ መታወክ ገለጡ። ሕልም ሲታይ ሰውነት እንደ ታሰረ ሆኖ መተኛት ሲገባው እነዚህ ሰዎች በሕልማቸው ሲጣሉ በእውን ይመታሉ፤ ይራገጣሉ፤ ከአልጋም ይወድቃሉ። ሐኪሞቹ ከእነዚህ መካከል 29 ሰዎችን ተከታትለው በ1996 ሲያስታውቁ በ11ዱ ላይ የፓርኪንሰን ምልክት ታይቶ ነበር፤ በ2013 ቁጥሩ ከመቶ 81 ደረሰ። የማሽተት ኃይል መጥፋትም እንዲሁ ዓመታትን የሚቀድም መሆኑ ታወቀ። ሃይኮ ብራክ የተባሉ ጀርመናዊ የአንጎል መርማሪና ባልደረቦቻቸው በ2003 እንዳቀረቡት ሐሳብ ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ ሕመሙ የሚጀምረው ለማሽተትና ለሆድ ዕቃ ከሚያገለግሉት ክፍሎች ሆኖ ወደ ጥቁሩ ክፍል የሚደርሰው ቆይቶ ነው። ሐሳቡ ለሁሉም ሕመምተኛ አይሠራም የሚሉ አሉ፤ ቅደም ተከተሉን ግን ለብዙዎቹ በሚገባ ያስረዳል።

በስኮትላንድ የፐርዝ ከተማ ነዋሪ የሆኑ አንዲት ጡረተኛ ነርስ የባለቤታቸው የሰውነት ጠረን እንደተለወጠ ያስተዋሉት ሕመሙ በሐኪም ከመታወቁ ከአሥር ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ነው። ምሥጢሩ የገባቸው ከሌሎች ሕመምተኞች ጋር በአንድ አዳራሽ ሲቀመጡ ያው ጠረን ከሁሉም ስለመጣ ነው። የኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 12 ሰዎች የለበሷቸውን ካናቴራዎች እንዲያሸቱ ሰጧቸው፤ ስድስቱ የሕመምተኞች፣ ስድስቱ የጤነኞች ነበሩ። ሴትዮዋ ግን የሕመምተኛ ያሏቸው ሰባት ሆኑ። እንደ ስሕተት የተቆጠረችባቸው የሰባተኛዋ ካናቴራ ባለቤት ዓመት ሳይሞላው ሕመሙ እንዳለበት በሐኪም ተነገረው። በ2019 ተመራማሪዎች ጠረኑን የሚያመጡትን ውሕዶች በቆዳ ወዝ ውስጥ ለይተው አሳተሙ።

መሣሪያዎችም ዛሬ ከሰው ዐይን ጋር መወዳደር ጀምረዋል። በብሪታንያ ከ100,000 በላይ ሰዎች ለአንድ ሳምንት በእጃቸው ላይ ያሰሩት የእንቅስቃሴ መለኪያ መዝገብ ሲመረመር፣ ወደፊት የሚታመሙት ሰዎች እንቅስቃሴ እስከ ሰባት ዓመት ቀደም ብሎ እንደሚቀንስ በ2023 ታወቀ። በዚያው ዓመት አልፋ ሲኑክሊን የተባለውን የተበላሸ ፕሮቲን ከአከርካሪ ፈሳሽ ውስጥ የሚያገኝ ፈተና ከመቶ 88 የሚሆኑትን ሕመምተኞች እንደለየ ተገለጠ። የሆነ ሆኖ እነዚህ በአብዛኛው የምርምር መሣሪያዎች ናቸው፤ ሐኪሙ ሕመሙን በዋናነት የሚለየው ዛሬም እንደ ፓርኪንሰንና እንደ ሻርኮ ሰውየው ሲራመድ፣ ሲጽፍና ጣቱን ሲያንቀሳቅስ በማየት ነው።

ይህ በመሆኑም ምልክቱን ከሐኪሙ በፊት ለማየት የተሻለ ዕድል ያለው በየቀኑ አጠገብ የሚውለው ሰው ነው። በፕላን ጥግ ላይ ይጻፍ የነበረው ጽሑፍ መስመሩ ሲጀመር ደኅና ሆኖ ሲጨርስ የሚያንስ ከሆነ፣ አንዱ እጅ በእርምጃ ጊዜ ሳይወዛወዝ ከጎን ተለጥፎ የሚቀር ከሆነ፣ በስብሰባ ላይ ይሰማ የነበረ ድምፅ ካነሰ፣ ፊት ቁጣ ሳይኖርበት የተቆጣ ከመሰለ፣ የአንድ ወገን ትከሻ ያለ ምክንያት ከተያዘ፣ እነዚህ ተደማምረው ሲመጡና እየጨመሩ ሲሄዱ ትርጉም አላቸው። አንዱ ለብቻው ግን ምንም ላይሆን ይችላል። እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ሁሉ በዚህ ሕመም የተያዘ አይደለም፤ እንዲያውም በሥራ ጊዜ ብቻ የሚመጣው በዘር የሚወረስ መንቀጥቀጥ ከዚህ ሕመም ይበልጥ የተለመደ ነው። ዕድሜም የማያሻማ ማስረጃ አይሆንም። የፊልም ተዋናዩ ማይክል ጄ. ፎክስ የግራ እጁ ትንሿ ጣት ስትነቃነቅ ያየው በ1990 ሲሆን፣ በ1991 ሕመሙ ሲነገረው ገና 29 ዓመቱ ነበር። ምልክቱን ቀድሞ ማወቅ ሕመሙን ባያስቀርም፣ ሰው በማያስፈልግ የትከሻ ሕክምና ከመንከራተትና በሥራው ላይ በቸልተኝነት ከመከሰስ ይድናል፤ መድኃኒቱንና የሰውነት እንቅስቃሴውንም በጊዜው ይጀምራል።

በኢትዮጵያ ስለዚህ ሕመም ቀደምት ከሆኑት ጥናቶች አንዱ ከ1986 እስከ 1988 በቡታጅራ አካባቢ በመስቃንና ማረቆ የተደረገው ነው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው 60,820 ሕዝብ ቤት ለቤት ተጠይቆ የነርቭ ሕመሞች እንዲቆጠሩ አድርገዋል፤ ውጤቱም የታተመው በ1990 ነው። የሚጥል በሽታ ከ100,000 ሰው በ520 ላይ ሲገኝ የፓርኪንሰን ሕመም የተገኘው በ7 ላይ ብቻ ነበር። በአውሮፓ ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 200 ይደርሳል። ልዩነቱን በከፊል የሚያስረዳው የሕዝቡ ወጣትነት ነው፤ ሕመሙ በአብዛኛው ከስድሳ ዓመት በኋላ የሚመጣ ነውና። የቀረውን ለማስረዳት ሑምቦልትን ማስታወስ ይረዳል። የሚጥል በሽታ ጎረቤት ሁሉ የሚያየው ነገር ነው። እጁ ሳይንቀጠቀጥ እርምጃው ያጠረ፣ ድምፁም የሰለለ ሽማግሌ ግን ጠያቂው ደጁን ሲያንኳኳ በቤቱ የታመመ ሰው እንደሌለ ይናገራል፤ ቤተሰቡም ከእርሱ ጋር ይስማማል።